ስለ ከብት መኖና ስለ ክፉ ዓመት ሒሳብ

በኅዳር ወር በየዐውድማው ዳር የተከመረው ጭድ ሲታይ ከብቱን ሁሉ አጥግቦ የሚያሳድር ይመስላል፤ በሚያዝያ ግን ያው ክምር አልቆ ባላገሩ የቤቱን ክዳን ሣር ለበሬው እስከ መንቀል ሲደርስ በብዙ ስፍራ ታይቷል። በኅዳርና በሚያዝያ መካከል የጐደለው ዝናም ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ መቁጠርም ጐድሏል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለዞንና ለወረዳ የግብርና ሹማምንት ልናሳስብ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የመኖ እርሻ በመካከለኛ ዓመት ምርት ሳይሆን በክፉ ዓመት ምርት እንዲታሰብ፣ ለዚሁም የሰብል አምሳል ሒሳብ በሥራ ላይ እንዲውል ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፎ የሚገኘውን የፀዳን አገር የሚያውቅ ሰው፣ ስለ ደረቅ አገር መኖ ስንናገር ስለ ምን ፀዳን እንደ ጠራን ሊጠይቀን ይችላል። በጎንደር ዙሪያ በዓመት በአማካይ 1100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም ይወርዳልና፣ ይህ መጠን ጥቂት አይባልም። ነገር ግን ከዚህ ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ውስጥ ወርዶ ያልቃል። የቀሩት ስምንት ወራት ለከብት የደረቅ አገር ወራት ናቸው። ከፀዳ ወደ ምሥራቅ ወደ በለሳ ሲኬድ ደግሞ ዝናሙ ራሱ ያንሳል፤ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞም ይወጣል፤ አፈሩም በብዙ ቦታ ስስና ድንጋያማ ነው። እንግዲህ ፀዳና በለሳ አንዱ ለምለም ሌላው ደረቅ ሆነው ቢታዩም፣ በመኖ ረገድ ያለባቸው ጭንቀት ወንድማማች ነው።

አስቀድመን የሚያስፈልገውን እንቁጠር። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከብት በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2.5 እጅ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል ተብሎ ይታሰባል። ይህም በቀን 6.25 ኪሎ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት 240 ቀኖች 1500 ኪሎ ወይም 15 ኩንታል ይሆናል። ስለዚህ ሁለት በሬና አንዲት ላም ያለው ገበሬ ለበጋው 45 ኩንታል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር በወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁ ወዲያው የሚመልስ ሹም ስንት ይገኛል? ስንት ሔክታር መኖ እንደ ተዘራና ስንት ሺህ የደሾ ሣር ግንጣይ እንደ ታደለ የሚገልጽ ራፖር ግን በየመዝገብ ቤቱ ሞልቷል። በሬ ሔክታር አይበላም፤ የሚበላው ኪሎ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በወጣው የስታቲስቲክስ የናሙና ጥናት መሠረት በአገራችን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ይገኛል። ከሚበላውም መኖ ከግማሽ የሚበልጠው የግጦሽ ሣር፣ ሲሶ የሚያህለው ጭድና አገዳ ሲሆን፣ ተዘርቶ የሚገኘው የተሻሻለ መኖ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም ነበር። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ወተትን ለማብዛት ሲባል ገበሬው መኖ እንዲዘራ በብዙ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ለጤፍ ይሆን የነበረውን መሬት ለአጃና ቬች ለተባለው የመኖ ጥራጥሬ የሰጠ ገበሬ፣ ዝናሙ ቢያጥርበት ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ እህሉንም አጥቷል፣ መኖውንም አላገኘም። ስለዚህ ዝራ ብሎ የሚመክር ሹም፣ ይህ ዘር ከአምስት ዓመት በስንቱ እንደሚያዋጣ መናገር ይገባዋል።

ይህ ነገር ቀላል አለመሆኑን የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን በተነሣ ጊዜ ከውጭ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬው ባለቀ ጊዜ ጥማድ ጠፋ፣ ጥማድ በጠፋ ጊዜ መሬቱ ጦሙን አደረ፣ ድርቅም ተጨመረና ሕዝቡ በረኃብ አለቀ። የዚያን ጊዜውን በሬ የገደለው በሽታ ነው፤ በመኖ እጦት የሚሞተውም በሬ ግን የሚያስከትለው መከራ ያው ነው። በሬ የሞተበት ገበሬ የሚያጣው የሚመጣውን ዓመት እርሻ ነውና። በቅርቡም ዘመን በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናሙ በማጠሩ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በሰሜን ጎንደር በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት፣ እንዲሁም በዋግ ኽምራ ዝናም በማነሱ ሰብሉ ከሰመ፣ ብዙ ከብትም ሞተ። እንዲህ ያለው ዓመት እየተመላለሰ የሚመጣ መሆኑ ከታወቀ፣ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ልንቀበለው አይገባንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የሰብል አምሳል ሒሳብ፣ ሊቃውንት ሲሙሌሽን ወይም ሞዴል የሚሉት፣ ጥንቆላ አይደለም፤ የመጪውንም ክረምት ዝናም እናገራለሁ አይልም። ሥራው የመዝገብ ያዥ ሥራ ነው። አፈሩን እንደ አንድ እንስራ ብንቆጥረው፣ ዝናም ገቢው ነው፤ ከመሬት የሚተነው፣ በቅጠል በኩል የሚወጣው፣ በጐርፍ የሚሄደውና ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ ወጪው ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ገቢና ወጪ ከዘር ቀን ጀምሮ እስከ አጨዳ ድረስ በየቀኑ ያሰላል። እንስራው ሲጐድል ቅጠሉ መስፋቱን ያቆማል፣ ቀጥሎም ይጠወልጋል። ተክሉ በቅጠሉ ያወጣው የውሃ መጠን ሲታወቅ፣ ከዚያ ማሳ ሊገኝ የሚችለው ደረቅ መኖ በግምት ይታወቃል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2001 ዓ.ም. አኳክሮፕ የተባለውን የዚህ ዐይነት ሒሳብ ያለ ዋጋ አውጥቶ ለሕዝብ ሰጠ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው እትሙም፣ እንደ አልፋልፋ ያለውን ብዙ ዓመት የሚቆይና ደጋግሞ የሚታጨድ መኖ እንዲያሰላ ተደርጓል። አውስትራልያውያንም ዝናሙ እጅግ በሚለዋወጥበት አገራቸው፣ ኤፕሲም የተባለውን ሒሳብ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ አዘጋጅተው ገበሬና ሊቅ በአንድነት ተቀምጠው ስለ ዘር ቀንና ስለ ማዳበሪያ እንዲመክሩበት አድርገዋል።

ሒሳቡ ለእኛ ምን እንደሚጠቅም በፀዳና በበለሳ አፈር ምሳሌ እናስረዳ። በፀዳና በማክሰኚት በኩል ባሉት ሜዳዎች የሚገኘው መረሬ ውሃ ይይዛል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው መረሬ፣ ተክል ሊጠጣው የሚችል 160 ሚሊ ሜትር ውሃ ይይዛል እንበል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነው ስስ አፈር ደግሞ 36 ሚሊ ሜትር ይይዛል እንበል። ዝናሙ ካቋረጠ በኋላ አረንጓዴው ማሳ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢያወጣ፣ የመጀመሪያው እንስራ ለ40 ቀን፣ ሁለተኛው ለ9 ቀን ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ገበሬው በመረሬው ላይ በክረምት መውጫ ሽምብራና ጓያ እንደሚዘራ ሁሉ፣ የመኖ ቬች ቢዘራ በስንቱ ዓመት እንደሚያዋጣው ሒሳቡ ሊነግረን ይችላል። ይህንኑ ምክር ወስዶ በስስ አፈር ላይ ላለው ገበሬ መስጠት ግን ዘሩን ማስጣል ነው። ለአንድ ዞን ሁሉ አንድ ዐይነት ትእዛዝ መጻፍ ለጸሐፊው ይቀልላል፤ ለገበሬው ግን አይቀልለውም።

ትልቁ ጥቅም ግን ሒሳቡ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ደግሞ ማረስ መቻሉ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያዎችን ልክና የሳተላይትን ግምት አስተባብሮ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ዝናም በየ4 ኪሎ ሜትሩ የሚያሳይ መዝገብ አለው። እንግዲህ አንዱን የመኖ ማሳ በዚህ መዝገብ ውስጥ ባለው በያንዳንዱ ክረምት በሒሳብ ዘርተን፣ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረውን ኩንታል ከታናሹ ጀምረን መደርደር እንችላለን። ከ30 ዓመት ውስጥ ከታች ስድስተኛው ቁጥር፣ ከአምስት ዓመት በአንዱ የሚያጋጥመውን ክፉ ዓመት ያሳየናል። ሹም ሊጠይቀው የሚገባው ቁጥር ይህ ነው።

ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተለውን እንውሰድ። ቀድሞ ያነሣነው ገበሬ በግማሽ ሔክታር ላይ አጃና ቬች አሰባጥሮ ቢዘራ በአማካይ 30 ኩንታል ደረቅ መኖ ያገኛል፣ ከጭዱም 20 ኩንታል ያገኛል እንበል። ድምሩ 50 ነው፤ የሚያስፈልገው 45 ስለ ሆነ 5 ኩንታል ይተርፈዋል፤ ራፖሩም ያማረ ይሆናል። በክፉው ዓመት ግን መኖው 16፣ ጭዱም 12 ኩንታል ቢሆን ድምሩ 28 ነው፤ የጐደለው 17 ኩንታል ነው። ይህም አንድ ከብት በበጋው ሁሉ ከሚበላው ይበልጣል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መኖውና ጭዱ በአንድ ዝናም የሚበቅሉ ስለ ሆኑ አንዱ ሲጐድል ሌላው አብሮ መጕደሉ ነው። ዓመቱ ክፉ መሆኑ በጥቅምት የታወቀለት ገበሬ አንዱን ከብት ገና ሥጋ ሳለው ሸጦ በገንዘቡ ለሁለቱ መኖ ይገዛል። በየካቲት ያወቀ ግን የከሳውን ከብት ወደ ገበያ ሲነዳ፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንደ እርሱ እየነዳ ያገኘዋል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ ከቀን ጋር ካልተያያዘ ጥቅም የለውም። በዓመት ውስጥ ሦስት የምክር ጊዜ ቢኖር በቂ ነው። የመጀመሪያው በግንቦት፣ ኢንስቲትዩቱ የክረምቱን ትንበያ ሲያወጣ ነው። ኤልኒኞ የሚነሣ መሆኑ ከተነገረ፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የክረምቱን ዝናም ብዙ ጊዜ ስለሚቀንሰው፣ ከመዝገቡ ውስጥ የኤልኒኞን ዓመታት ለይቶ ማየትና በእነዚያ ዓመታት ያዋጣው የዘር ቀንና የመኖ ዐይነት የትኛው እንደ ነበረ ለገበሬው መንገር ይቻላል። ሁለተኛው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ የወረደው ዝናም ስለ ታወቀ ለቀሩት ሳምንታት ብቻ ያለፉትን ዓመታት አስገብቶ ማስላት ግምቱን ያጠበዋል። ሦስተኛው በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሣሩ ታጭዶ ሲመዘን ነው፤ በዚህ ጊዜ ስንት ከብት በጋውን እንደሚሻገር ቁርጡ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አኳክሮፕን በገብስና በጤፍ ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2002 ዓ.ም. ገደማ አሳትመዋል። ለፀዳ ጎረቤት በሆነው በጉማራ–ማክሰኚት ተፋሰስ፣ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ኢካርዳ ከተባለው የደረቅ አገር እርሻ ምርምር ማዕከልና ከኦስትርያ ሊቃውንት ጋር ሆኖ፣ የጐርፉንና የሚሸረሸረውን አፈር መጠን በአምሳል ሒሳብ አጥንቷል። በባሕር ዳር አጠገብ ባለችው ሮቢት ደግሞ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በመስኖ ስለሚበቅል መኖ የዚህ ዐይነት ሒሳብ ተሠርቷል። የጎደለው ሊቅ አይደለም። የጎደለው በሊቁ ጠረጴዛና በወረዳው ጽሕፈት ቤት መካከል ያለው መንገድ ነው። ጥናቱ በባዕድ ቋንቋ ታትሞ በመጽሐፍ ቤት ሲቀመጥ፣ ገበሬው በሰኔ የሚዘራውን በልማድ ይዘራል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርቡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ ገበሬው ከአባቱ የወረሰው ዕውቀት ይበቃዋል የሚለው ነው። የገበሬው ዕውቀት ታላቅ መሆኑን አንክድም፤ ስለ አፈሩና ስለ ዘሩ ከእርሱ የሚሻል አስተማሪ የለም። ነገር ግን አባቱ ቬችና ደሾ አልዘራምና በእነርሱ ላይ የ40 ዓመት ትዝታ የለውም። ሒሳቡ የሚሰጠው ይህን የጎደለውን ትዝታ ነው። ሁለተኛው፣ ኮምፒዩተርና የሠለጠነ ሰው በየወረዳው የለም የሚለው ነው። በየወረዳው መኖር አያስፈልገውም፤ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከልና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዞኖቹ ሊያሰሉ ይችላሉ፤ ለወረዳው የሚበቃው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። ሦስተኛው፣ ሒሳቡ ይሳሳታል የሚለው ነው። አዎን፣ ይሳሳታል። አረምን፣ ምስጥንና ልቅ ግጦሽን አያውቅም፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በአማራ ክልል ሰብል ላይ የወረደውን ዐይነት የአንበጣ መንጋም አይቆጥርም። ስለዚህ የሚሰጠው ኩንታል ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ይህ ግን ለጥንቃቄ ምክንያት ነው እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። በአማካዩ የሚታሰበውም እኮ ሒሳብ ነው፤ ያውም የባሰ ሒሳብ።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከምናስገባበት ነገር ነው። ከሳተላይት የተገኘ ግምት የምድር ልክ ካልተጨመረበት በተራራማ አገር ይስታል፤ በአንድ ሸንተረር ወዲህና ወዲያ ያለው ዝናም እንኳ የተለያየ ነውና። ስለዚህ በየቀበሌው አንድ የዝናም መለኪያ ተተክሎ፣ ዘወትር ጧት በ3 ሰዓት ተነብቦ በደብተር ቢጻፍ፣ ይህ ትንሽ ሥራ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። በመለኪያው የታየ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ሔክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ነውና፣ እንደ ተርታ ቁጥር አይናቅ። ያልዘነበበት ቀንም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወ መሥመር ግን አልዘነበም ይሁን አልተነበበም የሚለይ የለም።

ከዚህ በላይ ከተነገረው የተነሣ፣ ለሹማምንቱ የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወረዳ የመኖን ሥራ በሔክታር ብቻ ሳይሆን በደረቅ ኩንታል እንዲመዘግብ፤ ለዚህም በጥቅምት በጥቂት ማሳዎች ላይ አጭዶ፣ አድርቆ እንዲመዝን። ሁለተኛ፣ የዝናሙ፣ የዘር ቀኑና የአፈሩ ጥልቀት መዝገብ ለምርምር ማዕከሉ በየዓመቱ እንዲላክ። ሦስተኛ፣ የምርምር ማዕከሉም በምላሹ ለመረሬውና ለስሱ አፈር ለየብቻ የተሰላ፣ የአማካዩንና ከአምስት ዓመት በአንዱ የሚያጋጥመውን ክፉ ዓመት ቁጥር ጐን ለጐን ያሳየ ሠንጠረዥ በአማርኛ ጽፎ ከግንቦት በፊት እንዲያደርስ። አራተኛ፣ ቁጥሩ ለገበሬው በምክር እንጂ በትእዛዝ እንዳይነገር። «ከአምስት ዓመት በአንዱ ከሦስቱ ከብቶችህ አንዱን መቀለብ አትችልም» ከተባለ በኋላ፣ መሸጡን፣ ጭድ መጨመሩን ወይም ዕድሉን መሞከሩን የሚመርጥ ራሱ ነው። ከብቱ የእርሱ ነውና።

ዝናምን መስጠት የፈጣሪ ሥራ ነው፤ የወረደውን መለካትና ያለውን መቁጠር ግን የእኛ ግዴታ ነው። የዚህ ዓመት የመለኪያ ደብተር የሌለው ወረዳ፣ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ እንዲከፍትና የመጀመሪያውን ገጽ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ዞኑ እንዲልክ በትሕትና እናሳስባለን።